አህያ ባጃጅ ውስጥ ብትሳል ሥዕል አይባልም እንዴ?

ቦርከና ዳር፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ። ያለሁት ኮምቦልቻ ነው፣ ሥዕል እሞክራለሁ፣ ቀን ሌላ ሥራ ስላለኝ ማታ ማታ ነው የምስለው፣ ከክረምት ኮርስ በቀር ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ነገር የለም። እና ምን መሰላችሁ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ እጄ ወደ እንስሳት ብቻ ነው የሚሄደው። ዝም ብሎ የቆመ እንስሳ ግን አይደለም፣ የሰው ሥራ የሚሠራ። አንዱ ላይ አህያ ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተደላድላ ተቀምጣለች፣ እንጨቱ ጣራው ላይ ታስሯል፣ ባለቤቷ ጋቢውን አጣፍቶ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ የሐረጎን ዳገት በእግሩ ይወጣል። ሌላው ላይ ፍየሎች ጋቢ ለብሰው ዋርካ ሥር ሽማግሌ ሆነው ተቀምጠዋል፣ ተከሳሹ እረኛው ነው። አውራ ዶሮም አለ፣ የሞባይል አላርም ሞልቶ አልጋ ላይ ተሸፋፍኖ የተኛ። አሁን የጨረስኩት ጅብ ነው፣ ደሴ ፒያሳ ምሽት ላይ ሥጋ ቤት በር ላይ ሰልፍ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፣ በጣም ጨዋ ጅብ ነው፣ የሚጋፉት ከፊቱ ያሉት ሰዎች ናቸው።

በቅርቡ አንድ የቡድን ኤግዚቢሽን አለ ሲባል ሁለቱን ተሸክሜ ደሴ ወጣሁ። የሚመርጡት ሰዎች አዩት፣ ሳቁ፣ አንዱ እንደውም ከት ብሎ ነው የሳቀው፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሁሉ አነሳው። ከዛ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ «ያስቃል፣ ግን ይሄ የልጆች መጽሐፍ ላይ የሚገባ ነው፣ ከበድ ያለ ነገር ካለህ አምጣ»። ከበድ ያለው ምን እንደሆነ ልይ ብዬ ያለፉትን ዞሬ አየሁ፣ ጀበና፣ ሹሩባ የተሠራች ሴት፣ ላሊበላ፣ ጀበና የያዘች ሹሩባ የተሠራች ሴት። ሥራቸውን መናቄ አይደለም፣ እጃቸው ከኔ ይሻላል፣ ግን ጀበና ከአህያ በምን እንደሚከብድ ግራ ገባኝ።

አጎቴ ከተሁለደሬ መጥቶ ደግሞ አህያዋን ቆሞ አያት አያትና «ይሄን ጭነት ማን ነው ያሰረው? እንዲህ ታስሮ ሐይቅ ከተማም አይደርስ» አለኝ። ባጃጅ ውስጥ መቀመጧ ምንም አልመሰለውም! አልሳቀም፣ ግን ሻዩን እስኪጨርስ ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም። ጓደኛዬ በበኩሉ «ባላገሩን ነው የምታሾፍበት፣ አህያ ያልከው እሱን ነው» ብሎ ተቆጣኝ።

እና ጥያቄዬ፣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምር ሥዕል ብለው የሠሩ ሰዎች አሉ ወይ፣ እኛ አገርም ይሁን ውጭ? ወይስ እኔም ጀበናዬን ልጣድ? የጓደኛዬም ነገር ከንክኖኛል፣ እውነት ስድብ ይመስላል? ፎቶዎቹን አያይዣለሁ፣ የስልኬ ካሜራ ቀለሙን ትንሽ ያበላሸዋል።

ጦሳ አናት፦

ጅቡ ፌስታል ይዟል ልበል? ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል እኮ፣ ሳይቀጡት ዘንቢል ይዞ ይምጣ በለው ኪኪኪኪ

መምህር ነኝ አልቆጣም፦

«የልጆች መጽሐፍ» የሚለውን እርሳው ወንድሜ፣ አባባሉ ራሱ ለልጆች የሚስሉትን መናቅ ነው። ሥዕል አስተምራለሁ፣ ይሄን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም።

የሚያስቅ እንስሳ መሳል የትናንት ነገር የሚመስለው ካለ ግብፅን ይይ። ዴር ኤል መዲና የሚባል መንደር ነበር፣ የፈርዖኖቹን መቃብር የሚፈለፍሉትና የሚስሉት ባለሙያዎች የሚኖሩበት። እነዚህ ሰዎች ቀን ንጉሡንና አማልክቱን በሥርዓቱ ሲስሉ ይውሉና በራሳቸው ጊዜ የድንጋይ ስባሪ አንስተው አይጧ እመቤት ሆና ተቀምጣ ድመት አሽከር ሆና ስታገለግላት ይስሉ ነበር። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ፓፒረስ ላይ ደግሞ አንበሳና ሚዳቋ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሰሌዳ ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ድመት ዝይ ታግዳለች። ዕድሜው ከ3000 ዓመት በላይ ነው። ያንን የሳለው የንጉሥ ሰዓሊ የሆነ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ እጁ ያውቅበታል፣ ከበድ ያለውን ሲሠራ ውሎ የመጣ ነው የሚመስለው።

እኛም ጋ ቢሆን አለ፣ ለምደነው ነው የማናየው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አስብ፣ 60 አንበሳና 60 ነብር የሚከተሏቸውን። ነብሮቹን ጠጋ ብለህ እያቸው፣ ብዙ ቦታ ዓይናቸው ፈጦ የገረማት ድመት ነው የሚመስሉት፣ ምክንያቱም ቅዱሱ ፊት ነብርነታቸው ቀርቷል፣ ሰዓሊው ያንን ነው በፊታቸው ላይ ያሳየው። የንግሥተ ሳባ ታሪክ ተብሎ በ44 ክፍል የሚሳለውን ደግሞ ውሰድ፣ አዲስ አበባ ላይ ለቱሪስት ስንት የተሸጠ ነው፣ ዘንዶውን የሚገድለው ሰውዬ በጦር አይደለም የሚገጥመው፣ መርዝ ያበላትን ፍየል ነው የሚሰጠው። አገር የሚያስጨንቅ ዘንዶ በፍየል ሲሞት ቀልድ ካልሆነ ምንድን ነው?

አንድ ነገር ልስጥህ። በኛ የድሮ አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሳላል፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎን ይሳልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጅብህን ሙሉ ፊቱን አዙረህ በሁለት ዓይን ሳለው። የሚጋፉትን ሰዎችና ሥጋ ሻጩን በጎን አድርጋቸው። ግድግዳ ላይ ሥዕል እያየ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ማን ጨዋ ማን ባለጌ እንደሆነ በዓይን ቆጠራ ብቻ ይገባዋል።

ከሩቅ ወሎዬ፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሁላችሁም ስትስቁ እኔ ጨዋታ ላበላሽ ነው። የልጁ ጓደኛ ያለው ነገር እውነት አለው።

ወሎ ገጠር ሥዕል ውስጥ በየት በኩል እንደገባ እናስታውስ እስቲ። በ66ቱ ረሃብ ነው። እሸቱ ጥሩነህ የረሃቡን ተጎጂዎች የሳለበት ሥራ ያኔ የተሠራ ነው፣ አይቶ የሚስቅ የለም። ከዛ ወዲህ ግን ለከተማ ሰው የኛ ገጠር ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው፣ ወይ ያሳዝነዋል ወይ ያስቀዋል። ድራማ ላይ ባላገር ከመጣ ገና አፉን ሳይከፍት ይሳቃል፣ አነጋገሩ ይኮረጃል፣ አሳንሰር አይቶ ሲደነግጥ ይታያል፣ አለቀ። እናንተ አርት ትሉታላችሁ፣ እኔ ግን ፍየል ጋቢ ለብሳ ሳይ የሚታየኝ አባቴ ነው። ያ ጋቢ የሚለበስበት ወግ አለው እኮ።

ታደሰ መስፍንን እዩ፣ ወልድያ የተወለደ የኛው ሰው ነው። ገበያ ላይ የሚሸጡ ሴቶችን ሲስል እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ነው የሚያቆማቸው፣ ተከታታይ ሥራውንም የሕይወት ምሰሶዎች ነው ያለው። ሽንኩርትና ድንች የሚሸጡ ሴቶች ናቸው፣ ግን ፊታቸው ስትቆም ቀና ብለህ ነው የምታያቸው። ልጁ እጅ ካለው ለምን እንዲህ አይሞክርም? ሰውን ቀና አድርጎ መሳል እያለ ፍየል ሽማግሌ ማድረግ ምን ይባላል?

እመት ገራዶ፦

ከሩቅ ወሎዬ ወንድሜ፣ የድራማው ነገር እኔንም ያቃጥለኛል፣ እሱ ላይ ከጎንህ ነኝ። ግን አህያዋን ደግመህ እያት በአላህ። የሚሳቅባት እሷ ናት? እሷማ ተመችቷታል። ፀሐይ እየመታው ዳገት የሚወጣው ባለቤቷ ነው፣ እሱም ቢሆን የተናደደ አይመስልም፣ የለመደው ነው የሚመስለው። አህያ ከሰው ቀድማ መኪና ስትሳፈር የሚስቀው ቀን ሙሉ ከአህያ ኋላ ሲሄድ የዋለ ሰው ነው፣ የከተማ ልጅማ ምኑ ይገባዋል።

እኔ ገራዶ ነው ያደኩት። እኛ ቤት ሰው በስሙ አይታማም ነበር፣ በእንስሳ ነው የሚታማው። ሚስቱ ስትሰደብ ዝም ያለ ሰው ካለ እናቴ ሊጥ እያቦካች «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ትልና ዝም ነው፣ ማን እንደተነካ ሁላችንም እናውቃለን፣ የተነካው ሰውዬ ራሱ እዛው ተቀምጦ ቢሆን ሊቆጣ አይችልም፣ ስለ አህያ ነው የተወራው። እኔ ደህና ያልሆነች ጓደኛ ይዤ ስመጣ ደግሞ «ከአህያ የዋለች ጊደር» ብላ ታቆማለች፣ የቀረውን ጨርሱት ኪኪኪ። አያ ጅቦን፣ እመት ጦጢትን የምናውቃቸው እኮ ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ ነው። አባባ ተስፋዬ ቴሌቪዥን ላይ ተረት ሲነግሩን የከተማውም የገጠሩም ልጅ እኩል ነበር የሚስቀው። ስለዚ ፍየል ሽማግሌ ስላደረገ ሽማግሌ ተሰደበ ማለት አይመስለኝም፣ እረኛው በፍየል ፊት መልስ ማጣቱ ነው ነገሩ፣ እኔም ፍየል ጠብቄያለሁ፣ ብትከሰኝ መልስ የለኝም።

የጋቢውን ግን እስማማለሁ። አውልቅላቸው። ጋቢ ያለበሳቸው ሰዓሊው ቀልዱን ስላላመነው ነው የሚመስለው።

አሁን ወዳንተ ልምጣ ቦርከና ዳር፣ እንዳትቀየመኝ፣ አጎትህ የተናገሩት ጭነቱን ብቻ መሆኑ ጨዋነታቸው ነው። የአህያዋ ጆሮ ሁለቱም ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ይሄ የሆነ ነገር ሰምታ የደነገጠች አህያ ናት። የተመቻት አህያ ጆሮዋ ወደ ጎን ወደ ጎን ይወድቃል፣ የታች ከንፈሯ ይንጠለጠላል፣ እንቅልፍና ሐሳብ መሀል ነው ያለችው። ትከሻዋ ላይ የሚወርደው ጥቁር መስቀልም የለም፣ የት አደረስከው? ፍየሎቹ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ያላቸው። የፍየል ብሌን ክብ አይደለም፣ አግድም የተጋደመ ነው፣ ለዛ ነው ፍየል ስታይህ አንተን ይሁን ከኋላህ ያለውን ቁጥቋጦ የማይታወቀው። እሱን አግድም ብሌን ብቻ ብትሰጣቸው ጋቢም መቋሚያም ሳይጨመር ፈራጅ ይሆናሉ፣ እመኑኝ፣ በዛ ዓይን ስንቴ ተፈርዶብኛል። ጭራቸውንም እየው፣ ወደ ታች ጥለኸዋል፣ ያ በግ ነው፣ የፍየል ጭራ ወደ ላይ ነው የሚቆመው፣ ምንም ሳይኖራት የምትኮራው በሱ አይደል።

ጅቡ ጀርባው ቀጥ ስላለ ውሻ መስሏል። ጅብ ከፊት ከፍ ከኋላ ዝቅ ያለ ነው፣ ሲቆም ራሱ የሆነ ነገር ሰርቆ ሊሸሽ ያለ ነው የሚመስለው፣ እንዲህ ያለ ፍጡር ነው እንግዲህ ሰልፍ አክብሮ የቆመው፣ ቀልዱ እዛ ላይ ነው ያለው እኮ! አውራ ዶሮውን አልጋ ላይ ማጋደምህ ደግሞ ከሁሉም ደካማው ነው። ዶሮ ቆጥ ላይ ነው የሚተኛው። ቆጡ ላይ ዶሮዎቹ መሀል አስቀምጠውና ስልኩን አጠገቡ ቻርጅ ሰካለት። እንስሳው እንስሳነቱን ሳይለቅ ነው የሚያስቀው፣ ሰው ካደረግከውማ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ሳልክ።

ጦሳ አናት፦

ኧረ እመት ገራዶ አንቺ ራስሽ ፍየሏን ሆነሽ ነው የመጣሽው፣ ልጁ በአንድ ኮሜንት ዋርካው ሥር ቆመ እኮ

ታፔላ ሠሪው፦

ልጄ ቦርከና ዳር እንደምን አለህ። እኔ ደሴ ላይ ታፔላ ስጽፍ ያረጀሁ ነኝ፣ አሁን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ትቼዋለሁ፣ ይሄንንም ልጄ ናት የምትጽፍልኝ እኔ እየነገርኳት። በኛ ጊዜ የሥጋ ቤት በር ላይ በሬ ሳይሳል ሥጋ አይሸጥም ነበር። ቆርቆሮውን አንቲረስት እንቀባና ይደርቃል፣ ከዛ ነጭ፣ ከዛ በሬው። ባለ ሥጋ ቤቱ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነው፣ ወፍራም፣ ሻኛው የተቆለለ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ደግሞም ደስ ያለው በሬ! አንዱ ደንበኛዬ «ፊቱ አዝኗል፣ ፈገግ አድርገው» ብሎ መልሶልኛል። ቢላዋው ከጎኑ ተስሏል እኮ፣ በሬው ፈገግ ብሎ ያየዋል። ሥራ ነው፣ ፈገግ አደረግኩት።

የደሴ ነገር ደግሞ ታውቀዋለህ፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤት አለ፣ አንዱ ጨረቃ ያስደርጋል አንዱ መስቀል። ሁለቱም እኔ ጋ ይመጣሉ። በሬው ግን ያው ነው። በካርቶን ቀድጄ ያስቀመጥኩት አንድ በሬ ነበረኝ፣ ሲያሻው ጨረቃ ሥር ይቆማል፣ ሲያሻው መስቀል ሥር፣ ማንም «ይሄ በሬ የማን ነው» ብሎ አልጠየቀኝም። አንዴ ሁለቱን በአንድ ቀን አስረክቤ ጎን ለጎን ሳደርቃቸው ያየ ሰው እስካሁን ሲያገኘኝ ይስቃል።

አሁን ባነር መጣና ሁሉም ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ላም ሆነ፣ ሻኛ የሌላት። ያንተን ጅብ ልጄ በስልኳ ስታሳየኝ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። የኋላው ግድግዳ ላይ ግን ታፔላው ባዶ ነው፣ ለምን? በሬ ሳልበት እንጂ፣ ፈገግ ያለ። ጅቡም እሱን እያየ ይጠብቅ።

መምህር ነኝ አልቆጣም፦

ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩን ነገር እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ለፍልፌ የማላስረዳው ነው። ጆርጂያ የምትባል አገር ኒኮ ፒሮስማኒ የሚባል ሰው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1918 የሞተ፣ ትብሊሲ ከተማ ውስጥ የመጠጥ ቤትና የምግብ ቤት ታፔላ እየሳለ ነው የኖረው፣ ብዙ ጊዜ ክፍያው እራትና ወይን ነው። ትምህርት ቤት አልገባም። በጥቁር የጠረጴዛ ላስቲክ ጨርቅ ላይ ነበር የሚስለው፣ ጥቁሩን እንዳለ ትቶ በዙሪያው ቀለም ያስቀምጣል። አጋዘን፣ በግ፣ አህያ፣ ድብ፣ አንድ ቀጭኔም አለው፣ እንስሶቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ነው የሚያዩህ፣ ሲያዩህ ትስቃለህ ትንሽ ቆይተህ ደግሞ ታፍራለህ። ደህይቶ ነው የሞተው፣ ዛሬ አገሩ ገንዘብ ላይ ታትሟል፣ ሥራው ብሔራዊ ሙዚየማቸው ውስጥ ነው። ሥጋ ቤት በር ላይ ከሚሳል በሬ የተነሳ ትልቅ ሥዕል የለም የሚል ካለ እሱን ያሳዩት።

ካናዳም ሞድ ሉዊስ የምትባል ነበረች፣ እጇ በሪህ የተጣመመ፣ መንገድ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ሥዕል እየሳለች ለመንገደኛ በጥቂት ዶላር የምትሸጥ። በሬዎቿ ረዣዥም የዓይን ሽፋሽፍት አላቸው፣ ቀንበር ተሸክመው እንደ ሙሽራ ያዩሃል። ቤቷ ራሱ አሁን ሙዚየም ውስጥ ገብቷል፣ እንዳለ ነቅለው። ማርክ ሻጋልን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1911 የሳለው የመንደሩ ሥዕል ላይ ሰውና ላም ፊት ለፊት ተፋጠዋል፣ ላሟ ጉንጭ ውስጥ ሌላ ላም ትታለባለች። እሱን የልጆች መጽሐፍ ነው ያለው የለም፣ ፓሪስ ስለተሳለ ይሆን?

ቦርከና ዳር፦

ኧረ ምን ልበላችሁ፣ ፈጣሪ ያክብርልኝ። እመት ገራዶ እህቴ አልተቀየምኩም፣ ትናንት የጎረቤት ፍየል በር ላይ አስቁሜ ዓይኗን ሳይ ነው ያመሸሁት፣ ባለቤቷ ልገዛት መስሎት ዋጋ ጠራልኝ። ብሌኑ እውነትም አግድም ነው፣ አንገቷን ጎንበስ ስታደርግ እንኳን አግድም ሆኖ ይቀራል፣ ዓይኗ አብሮ ይዞራል! ጋቢውን ከሁሉም ላይ አውልቄ በነጭ ሸፍኜዋለሁ፣ አንዷ ፍየል ብቻ ዋርካው ሥር ባለች ድንጋይ ላይ ቆማለች፣ ሌሎቹ እንደ ነገሩ ተኝተው ያመነዥካሉ፣ እረኛው መሀል ቆሟል። እንዲህ ሲሆን ይበልጥ አስፈራኝ እኔንም።

ጋሼ ታፔላ ሠሪው፣ በሬውን አስገባዋለሁ፣ ግን እንዲያው ካላስቸገርኩዎ ያ የካርቶኑ በሬ ካለ አንድ ቀን ደሴ ስመጣ ቢያሳዩኝ። ከጨረቃና ከመስቀሉ የትኛውን ላድርግ የሚለው ነው የጨነቀኝ።

ከሩቅ ወሎዬ ወንድሜ የታደሰ መስፍንን ሥራዎች ፈልጌ አየሁ፣ በስልክ እንኳ ሲታዩ ያስቆማሉ። ግን እንደሱ ልሳል ብል የሱ ኮፒ ነው የምሆነው። እኔ ሰው ስስል ፊቱ ይደርቅብኛል፣ አህያ ስስል ግን አጎቴን ይመስለኛል፣ በክፉ አይደለም፣ ሲያዳምጥ እንደሷ ነው ዝም የሚለው።

ከሩቅ ወሎዬ፦

ጋቢውን ካወለቅክ ግማሹን ጸቤን ወስደህብኛል። ግማሹ ግን አለ። የሚገዛህ ማን ነው? ሥዕሉን ሳሎኑ ውስጥ የሚሰቅለው ገጠር ሄዶ የማያውቅ ሰው ከሆነ ያው እንደ ድራማው ነው የሚስቀው፣ አንተ እዛ ቆመህ ጆሮዋ ወደ ጎን የወደቀው ስለተመቻት ነው እያልክ አታስረዳውም። ሰኞ ገበያ ላይ አቁመህ አሳያቸው እስቲ መጀመሪያ፣ ባለ አህያዎቹ ይዩት። እነሱ ከሳቁ እኔም ዝም እላለሁ።

ሀዳስ ካፌ ጥግ፦

ስለ መሸጥ ከተነሳ ይቺን ልበል፣ እኔ ሥዕል አላውቅም ዕቃ ነው የማውቀው። ታንዛኒያ የሠራሁ ጊዜ ዳሬሰላም ላይ ቲንጋቲንጋ የሚሉት ሥዕል አለ፣ ኤድዋርድ ሳይዲ ቲንጋቲንጋ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ገደማ ነው የጀመረው፣ ሃርድቦርድ ላይ በብስክሌት ቀለም፣ ነብር፣ ወፍ፣ ዝሆን፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ነጠብጣባቸው የበዛ። ሰውዬው አራት ዓመት ያህል ሠርቶ በ1972 ፖሊስ በስህተት ተኩሶ ገደለው። ዘመዶቹና ተማሪዎቹ ቀጠሉበት፣ ማኅበር አላቸው፣ ስንት ቤተሰብ ይበላበታል። ችግሩ ግን መንገድ ላይ የሚሸጠው አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ቱሪስቱ ያንኑ ስለሚፈልግ ያንኑ ቀጭኔ ነው ሲስሉ የሚውሉት። ስለዚ አህያ በባጃጅ ከተሸጠልህ አሥር ሰው አህያ በባጃጅ ድገምልኝ ይልሃል፣ ጭንቅላትህን ያደነዝዘዋል። ዋናውን ወደድ አድርገህ ሽጥ፣ ደጋሚውን ፕሪንት አድርገህ በርካሽ ስጥ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚሄደው ሰው ብዙው በደሴ ነው የሚያልፈው፣ ያኔ ትንንሽ ፕሪንት ይዞ ካፌ ላይ መስቀል ያዋጣል። የኮምቦልቻ ሆቴሎችም ግድግዳቸው ላይ ያለው የቻይና ፏፏቴ ነው፣ ጠይቃቸው።

እመት ገራዶ፦

የቻይናው ፏፏቴማ እኔ ቤትም አለ፣ መብራት ሲሰካ ውሃው የሚሄደው ኪኪኪ። ከሩቅ ወሎዬ የሰኞ ገበያውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። እኔም እመጣለሁ። ግን ባጃጇን ብቻ አይደለም ፍየሎቹንም አምጣቸው፣ ጭነቱንም ከመምጣትህ በፊት አስተካክል፣ ባለ አህያዎቹ እንደ አጎትህ ጨዋ አይምሰሉህ፣ መጫኛው የት ነው የታሰረው ብለው ነው የሚያፋጥጡህ።

ኮምቦልቻ ሥጋ ቤት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ኮምቦልቻ ሥጋ ቤት አለኝ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጅቡን እፈልገዋለሁ፣ ካሸሩ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው፣ ደንበኛ ሲጋፋ በእጄ አሳየዋለሁ ጅብ እንኳን ተራውን ይጠብቃል እለዋለሁ። ሰውዬው እንዳሉት በሬውም ይጨመርልኝ ፈገግ ያለው። ምልክቱን ተወው፣ ደንበኞቼ ያውቁኛል። ዋጋውን ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ ወርዱንም ንገረኝ ግድግዳዬ ጠባብ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ መምህሩ ሥጋ ሻጩን በጎን በአንድ ዓይን ሳለው ያሉህን እንዳትሰማቸው። ሁለቱም ዓይኔ ይታይ።

መምህር ነኝ አልቆጣም፦

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር ሃሃሃሃ

ታፔላ ሠሪው፦

ልጄ፣ የሥጋ ቤት ሰው አውቃለሁ፣ ነገ ደግሞ ጅቡን ትንሽ አወፍርልኝ ይልሃል። ለሁለተኛው ዓይን ለብቻው አስከፍል። የካርቶኑ በሬ አለ፣ ጫፉን አይጥ ነክሶታል እንጂ ቀንዱ ደህና ነው፣ ስትመጣ ትወስደዋለህ። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበል ግን ቀለም እንዳትከፍት።